የአረፋ ሽርሽራችን፦ ከዱርቤቴ እስከ አንድነት ፓርክ

ውድ አንባቢያን! በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ሽርሽር ልናወጋችሁ ነው። "ሽርሽር ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?" የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሱንና አብራችሁን ዝለቁ፤ ነገሩ የልጅ ጉዳይ ነው።

በኛ አገር የዒድ ቀን እንዴት እንደሚውል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጠዋት ገላ ይታጠባል፣ ያለው ልብስ ይለበሳል፣ ተክቢራ እየተባለ ወደ ሶላት ይወጣል። በአረፋ ከሆነ ከዚያ እርዱ አለ፤ ሥጋው ለቤት፣ ለዘመድና ለሚስኪን ይከፈላል። ጎረቤት ይዘየራል፤ ቡናው ይፈላል። ይህ ሁሉ ደግ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ዐስር ተሰግዶ ልጆቻችንን ዞር ብለን ስናያቸው፣ በአዲስ ልብሳቸው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው የሚያልፍ መኪና ሲቆጥሩ እናገኛቸዋለን። ትልልቆቹ በልተን፣ አውግተን፣ ዘመድ አይተን ጠግበናል። የልጆቹ ዒድ ግን አዲስ ልብስ ከመልበስ አላለፈም።

ምክንያታችን

እኛ የዱርቤቴ ሰዎች ነን። ዱርቤቴ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኝ የደቡብ አቸፈር ከተማ ናት። ገበያዋ ደማቅ ነው፤ በዙሪያዋ በቆሎና ባሕር ዛፍ ይበዛል። በኛ ልጅነት የልጆች መጫወቻ ተብሎ የታጠረ ቦታ አልነበራትም። ኳሳችን የጨርቅ፣ ዥዋዥዌያችን በዛፍ ላይ የታሰረ ገመድ ነበር። ጠዋት ቁርኣን ቀርተን፣ ከሰዓት የመንግሥት ትምህርት ቤት ተምረን፣ በመካከል ያገኘናትን ጊዜ እንጫወትባት ነበር። ዛሬ ከሁለታችን አንዳችን መምህር ነው፤ ሌላችን በቤታችን በር ላይ ትንሽ ሱቅ አላት። አላህ ሦስት ልጆች ሰጥቶናል።

በ2014 ዓ.ም. ትልቋ ልጃችን 12 ዓመት ሞላት። የ6ኛ ክፍል ትምህርቷን በጥሩ ውጤት ጨርሳ፣ በመድረሳ ደግሞ ጁዝእ ዐማን ሐፍዛ ነበር። ሒጃቧን ማንም ሳያስገድዳት በራሷ ፈቃድ መልበስ ጀመረች፤ በዚህም ተደሰትን። ነገር ግን አብሮ የመጣ ሌላ ነገር አስተዋልን። ገመድ ዝላዩ ቀረ። ከታናናሾቿ ጋር መሯሯጡ ቀረ። ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ መሸፈን አመጣች። ለምን ስንላት "እኔ እኮ ትልቅ ሆንኩ፤ ሰው ምን ይላል?" ትለናለች። ሒጃቡ ይህን አላላትም። ሰው ነው ያላት።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ከገጠር የሚመጡ ዘመዶች "ልጅቱ አድጋለች" ማለት ጀምረው ነበር። "እገሌ ደህና ልጅ አለው፤ ከብቱም ሱቁም የተሟላ ነው" ይላሉ። ሽማግሌ ለመላክ የሚያሰላስሉ እንዳሉም ሰማን። የኛ መልስ ቁርጥ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ሆነ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ለሴትም ለወንድም የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርገውታል። ሕጉ ባይኖር እንኳ ልጃችን ናትና እናውቃታለን፤ ማታ ማታ ዛሬም ከታናሽ ወንድሟ ጋር በትራስ ትጣላለች።

ይሁን እንጂ በቤታችን አንድ ከባድ ድምፅ አለ። የልጆቹ አያት፣ የእናታችን ድምፅ ነው። እማማ እንላቸዋለን። እማማ በ11 ዓመታቸው የተዳሩ፣ ዘጠኝ ወልደው ስድስት ያሳደጉ፣ ሶላታቸውን ጊዜው ሲደርስ የማያሳልፉ ሴት ናቸው። "እኔስ ምን ጎደለብኝ?" ይሉናል። ለእማማ የአዋጅ ዓመተ ምሕረት መጥቀስ ከንቱ ድካም ነው። በክርክር ረትተን ልናሳፍራቸውም አንፈልግም፤ የእናት ሐቅ ከባድ ነው።

የአረፋውን ሽርሽር ያሰብነው እማማን ለማሳመን አልነበረም። ለልጅቱ አንድ ቀን ልንሰጣት ብቻ ነው። ከረመዳን ዒድ ጀምሮ ከደመወዙና ከሱቁ ትርፍ ጥቂት ጥቂት እያነሳን በጣሳ አስቀመጥን። አዲስ አበባ የምታሳርፈን እህት አለችን፤ የማደሪያ ሐሳብ የለብንም። እማማም ይህችን ልጃቸውን ካዩ ሰንበትበት ብለው ስለነበር "እኔም እሄዳለሁ" አሉ።

መንገዱ

ሐምሌ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ቅዳሜ ዒዱን በዱርቤቴ ሰገድን፣ አረድን፣ ተዘያየርን። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ተሳፈርን። ዳንግላን፣ እንጅባራን፣ በበርበሬዋ የምትታወቀውን ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ የሚሄደው ጉዞ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ክረምት ነውና አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ለብሷል። እማማ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ሙስበሓቸውን እየቆጠሩ ያልፋሉ።

ከደጀን አፋፍ አውቶቡሱ ወደ ዐባይ በረሓ ቁልቁል መጠማዘዝ ሲጀምር የልጆቹ ሆድ ተላወሰ። የ7 ዓመቱ ትንሹ ልጃችን ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ "ፓርኩ ይሄ ነው እንዴ?" አለ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እውነቱን ነው፤ ሰዎች ከፍለው የሚሳፈሩበት መውጣትና መውረድ አላህ በዚያ ገደል በነፃ አስቀምጦታል።

በቤተ መንግሥቱ ግቢ

ማክሰኞ ሐምሌ 5 ቀን፣ በተሽሪቅ ቀናት መጨረሻ፣ ጠዋት ወደ አንድነት ፓርክ ሄድን። እነዚህ ቀናት የመብል፣ የመጠጥና አላህን የማውሳት ቀናት መሆናቸውን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ስለዚህ ቀኑን የመረጥነው አስበንበት ነው።

ግቢው ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ የመሠረቱት ታላቁ ቤተ መንግሥት ነው። ስፋቱ 40 ሔክታር ያህል ይሆናል። ከመቶ ዓመት በላይ ተራው ሕዝብ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ሲያየው ኖሯል። በመስከረም 2012 ዓ.ም. ከፊሉ ታድሶ ለሕዝብ ተከፈተ። በተከፈተበት ዓመት መግቢያው ለአገር ሰው 200 ብር፣ ልዩ መስተንግዶ ለሚሻ ደግሞ 1,000 ብር ነበር። እኛ ከተራው ሰልፍ ቆመን ገባን።

ፓርክ ሲባል የሚሽከረከር ማሽን ብቻ ለሚጠብቅ ልጅ ቦታው መጀመሪያ ግራ ያጋባል። እዚያ ያሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የጥንቶቹ የቤተ መንግሥት ቤቶች፣ ክልሎች ባሕላቸውንና ዕፅዋታቸውን የሚያሳዩበት ሥፍራ፣ እንዲሁም የዱር እንስሳት። የጨዋታው ዓይነት ማየትና መጠየቅ ነው።

በታላቁ የግብር አዳራሽ ስንገባ እማማ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩና ዝም አሉ። በአንድ ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ሰው ግብር ይበላበት እንደነበር ስንነግራቸው፣ "የኛ ሰዎችስ ሲመጡ ምን ይበሉ ነበር?" ብለው ጠየቁ። የሚገርም ጥያቄ አልነበረም። በአገራችን እስላሙም ክርስቲያኑም የየራሱን እርድ ይበላል። በዱርቤቴ ክርስቲያን ጎረቤታችን ልጁን ሲድር ለኛ ከብት ይለያል፤ በኛ ሰው ያሳርዳል፤ በተለየ ድስት ያሠራል። እኛም ስንድር ለነሱ እንዲሁ እናደርጋለን። ይህንኑ ስናስታውሳቸው እማማ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ "እንግዲህ ንጉሡ ከኛ ጎረቤት ካነሱ ምኑን ነገሡት!" አሉ።

ከዙፋን ቤቱ ስንገባ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሰም ተሠርተው ቁመታቸውን አክለው ይታያሉ። ትንሹ ልጃችን ሰው መስሎት ጠጋ አለና በሙሉ ድምፅ "አሰላሙ ዐለይኩም!" አላቸው። መልስ ጠብቆ፣ ጠብቆ፣ ወደኛ ዞሮ "አይመልሱም" አለ። ትልቋ ልጃችን በሳቅ ፈነዳች። ወዲያው ግን የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች።

የ10 ዓመቱ ልጃችን ደግሞ የታሪክ ሰው ነው። ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናት በዚህ ቤተ መንግሥት ምድር ቤት አስሮ እንደነበር፣ ከእስረኞቹም ብዙዎቹ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተረሸኑት 60 ሰዎች መካከል እንደነበሩ ስንነግረው ቆም አለ። "ከላይ ዙፋን፣ ከታች እስር ቤት?" አለ። ሥልጣንን የሚሰጥም የሚነሣም አላህ መሆኑን በመድረሳ በቃሉ ያውቀዋል። በዚያን ቀን ግን በዓይኑ አየው። ስንት ሰዓት ብናስተምረው ይህን ያህል አይገባውም ነበር።

የክልሎቹ ሥፍራ ሲሠራ ክልሎቹ 9 ነበሩ። እኛ በሄድንበት ጊዜ ሲዳማና ደቡብ ምዕራብ ተጨምረው 11 ሆነው ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ 12 ናቸው። ልጆቹ ከካርታ በቀር የማያውቁትን አገር እየዞሩ አዩ። ከዚያም ጥቁር ጎፈር ያለው አንበሳ ፊት ቆሙ። ስለ አንበሳ ሲሰሙ የኖሩት እማማ አጥሩ ይበቃ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቁ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ወጥተን ፒያሳ ወደሚገኘው ኑር መስጊድ ሄድን። ዙህርን በጀማዓ ሰገድን። ከሶላቱ በኋላ ተክቢራው ሲነሳ ትንንሾቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አብረው አሉ። የጨዋታ ቀን ከዒባዳ ጋር እንደማይጣላ ያን ጊዜ ማስረዳት አላስፈለገንም።

ቦርሳ ያዢዋ

ከሰዓት በኋላ የሄድነው ወደ ሌላ ዓይነት ቦታ ነው፤ የመጫወቻ ማሽኖች ወዳሉበት መናፈሻ። የሚጋጩ ትንንሽ መኪኖች፣ በሐዲድ ላይ የሚዞር የልጆች ባቡር፣ የሚሽከረከሩ ፈረሶች፣ ወንበሮች የተንጠለጠሉበት ትልቅ መንኮራኩር አለ። ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ሦስት ቲኬት ቆረጥን። ለማንም አላበለጥንም፤ በልጆች መካከል ማስተካከል የወላጅ ግዴታ ነው። የትኛውን እንደሚመርጡ ግን ለነሱ ተውን።

ወንዶቹ ወዲያው ጠፉ። ትልቋ ልጃችን ከአግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የእናቷን ቦርሳ፣ የአያቷን ነጠላ፣ የወንድሞቿን ሹራብ በጉልበቷ ላይ ደርድራ፣ ሦስቱን ቲኬቷን በእጇ ይዛ ታያለች። "ለነሱ ስጧቸው፤ እኔ ዕቃ እጠብቃለሁ" አለች። እማማ አጠገቧ ናቸው። "ደግ አደረገች፤ ጨዋ ልጅ!" አሉ።

ከሁለታችን እናቷ ናት የተነሳችው። ዕቃውን ሁሉ ከጉልበቷ ላይ አነሳችና ለአባቷ አሸከመች። "ዛሬ ዕቃ ጠባቂው አባትሽ ነው። እኔም በልጅነቴ እንዲህ ዓይነት መኪና አልነዳሁም፤ ነይ አሳዪኝ" አለቻት። የሁለቱንም ሻሽ ጫፍ ከልብስ ውስጥ አስገብታ በመርፌ ቁልፍ አያያዘች። ገቡ።

የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ ልጅቱ ከዳር ዳር ሰውን እየሸሸች ነዳች። ከዚያ ታናሽ ወንድሟ ከኋላ መጥቶ ገጫት። ዞር ብላ አየችው፤ መሪውን አዞረች፤ ተከተለችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ያዳግታል። እናቷን ገጨቻት፣ ወንድሟን ገጨችው፣ የማታውቃቸውን ልጆች ሁሉ ገጨቻቸው። ሳቋ ከማሽኑ ጩኸት በላይ ይሰማል። ሁለት እጇ መሪው ላይ ነውና አፏን የምትሸፍንበት እጅ አልነበራትም።

እማማ ከአግዳሚው ላይ ሆነው ያዩ ነበር። ምንም አላሉም። ልጅቱ ፊቷ ቀልቶ፣ እየዘለለች መጥታ "እማማ፣ እርስዎም ይግቡ!" ስትላቸው "እብድ!" ብለው ቆጧት። ነገር ግን ቀጥላ የልጆቹን ባቡር አሳየቻቸው። "ይሄ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ እኔ አጠገብዎ እቀመጣለሁ" አለች። እማማ ግራና ቀኝ አዩ። የሚያውቃቸው ሰው የለም። ነጠላቸውን አጥብቀው "ቢስሚላህ" ብለው ተሳፈሩ። ባቡሩ ሦስት ጊዜ ዞረ። በመጀመሪያው ዙር ብረቱን የሙጥኝ ብለው ነበር፤ በሁለተኛው የልጅቱን እጅ ያዙ፤ በሦስተኛው እየሳቁ ነበር። እናታችን ሲስቁ ብዙ ጊዜ አይተናል። እንዲያ ሲስቁ ግን አይተን አናውቅም።

ከዚያ የክረምቱ ዝናብ መጣ። ማሽኖቹ ሁሉ ቆሙ፤ ሰው በየቆርቆሮው ሥር ተጠለለ። ያልተጫወትንበትን ቲኬት ገንዘብ እንዲመልሱልን ስንጠይቅ "አይመለስም" አሉን። ልጆቹ ሊከፋቸው ሲል እማማ ከፌስታላቸው የአረፋውን ጥብስና ዳቦ አወጡ። ተጠልለን በላን። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ዝናቡ ሲያባራ መንኮራኩሩ ተነሳ። ልጃችን በቀራት የመጨረሻ ቲኬት ከእናቷ ጋር ወጣች። ከላይ ሆና ለእማማ እጇን ስታወዛውዝ፣ እማማም ከታች በነጠላቸው ጫፍ መለሱላት።

ጨዋታ የባዕድ ነውን?

ውድ አንባቢያን! "ይህ ሁሉ የፈረንጅ ፈሊጥ ነው" የሚል ወንድም ሊኖር ይችላል። እንግዲህ ታሪኩን እንየው።

በዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን ቲቮሊ የሚባለው መናፈሻ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1843 ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆርጅ ፌሪስ 80 ሜትር ቁመት ያለውን መንኮራኩሩን በቺካጎ ያቆመው በ1893፣ ዲዝኒላንድ በካሊፎርኒያ የተከፈተው ደግሞ በ1955 ነው። ይህ ሁሉ የፈረንጅ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ፒየትሮ ዴላ ቫሌ የተባለ ጣሊያናዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1615 በኢስታንቡል በረመዳን ወቅት በተደረገ በዓል ላይ በትልቅ መንኮራኩር ተሳፍሮ ወደ ላይና ወደ ታች መዞሩን ጽፏል። ከአምስት ዓመት በኋላ ፒተር መንዲ የተባለ እንግሊዛዊም በዚያን ጊዜ በዑስማኒያ ግዛት ውስጥ በነበረችው፣ ዛሬ በቡልጋሪያ በምትገኘው በፕሎቭዲቭ ተመሳሳይ መጫወቻ አይቷል። ፌሪስ መንኮራኩሩን ከማቆሙ ከ270 ዓመት በላይ አስቀድሞ ማለት ነው!

ከዚያም ወደ ኋላ እንሂድ። በዒድ ቀን በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ውስጥ በጦርና በጋሻ የተጫወቱት እነማን ነበሩ? ሐበሾች ናቸው! ዑመር (ረ.ዐ.) በጠጠር ሊመቷቸው ጎንበስ ሲሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲተዉአቸው ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሐንዘላ (ረ.ዐ.) ከነቢዩ ዘንድ ሲሆኑ ልባቸው እንደሚለሰልስ፣ ከቤተሰባቸው ጋር ሲጫወቱ ግን እንደሚዘነጉ ተጨንቀው በነገሯቸው ጊዜም፣ ለዚህም ለዚያም የየራሱ ሰዓት እንዳለው አስተምረዋቸዋል። እንግዲህ ሶላቱን ያላስተወ፣ ሐያእን ያላስጣለ፣ ለቀለብ የተያዘውን ገንዘብ ያልነካ ጨዋታ በኛ ዘንድ ባዕድ አይደለም።

የማታው ወግ

ማታ ዒሻ ተሰግዶ ልጆቹ ተኙ። እህታችን ቡና አፈላች። እማማ ሁለተኛውን ሲኒ እስኪጨርሱ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ እንዲህ አሉን።

"እኔ ስዳር አሻንጉሊቴን ከጎተራው ሥር ቀብሬ ነው የሄድኩት። ከጨርቅ የሠራኋት ናት። ስመለስ አወጣታለሁ ብዬ። ለዘጠኝ ወር አልመለሱኝም። ስመጣ ምስጥ በልቷታል።"

ማናችንም አልተናገርንም። እማማ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

"ዛሬ ያየኋት ልጅ ገና ናት። ጨዋታ አልጠገበችም። ይቺን ነው እንዴ ወጥ ሥሪ፣ ልጅ እዘዪ የሚሏት? የሚመጣ ሽማግሌ ካለ እኔ ዘንድ ላኩት።"

ወደ ዱርቤቴ ከተመለስን በኋላ ሽማግሌዎቹ በእርግጥ መጡ። ቡና አፍልተን ወደ እማማ መራናቸው። ምን እንደመለሱላቸው በዝርዝር አልሰማንም፤ ሁለተኛ ግን አልመጡም። እኛ በሁለት የሕግ አንቀጽና በአንድ ዓመት ንግግር ያላገኘነውን እማማ በሦስት ዙር ባቡር አገኙት። አሻንጉሊቷን ስንት ዓመት በልባቸው ይዘው እንደኖሩ አላህ ያውቃል።

ለወላጆች

ወላጆች ሆይ! ለሽርሽር የምትነሱ ከሆነ ጥቂት ነገር እናካፍላችሁ።

በቅድሚያ ገንዘቡን ለዩ። ከቀለቡም ከሶደቃውም ሳትነኩ ለጨዋታ የሚሆነውን ለብቻ አስቀምጡ፤ መጠኑንም ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የሚያውቅ ልጅ አያለቅስም።

የሶላት ሰዓትንና የመስጊዱን ቦታ ከመነሳታችሁ በፊት እወቁ። "እዚያ ስንደርስ እናያለን" የሚለው ሐሳብ ሶላትን ያሳልፋል።

ሻሽና ነጠላ የለበሱ እናቶችና ልጃገረዶች ጫፉን ከልብስ ውስጥ ያስገቡ፣ ያያይዙ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአውስትራሊያ አንዲት እህት በመወዳደሪያ ትንሽ መኪና ስትጫወት ሻሿ በማሽኑ ተጠልፎ ሕይወቷ አልፏል። ጎማውና ሞተሩ ክፍት የሆነ መኪና ላይ ባትወጡ ይሻላል። አሠሪውን ከመሳፈራችሁ በፊት ጠይቁት።

ልጆቹን ልካችሁ ከዳር አትቀመጡ። አብራችሁ ግቡ። ልጅ እናቱ ስትስቅ ያየባትን ቀን አይረሳም።

በተለይ ደግሞ ትልቋን ልጅ አትርሱ። በየቤታችን ዕቃ የምትጠብቅ፣ ታናናሾቿን የምታዝል፣ "ጨዋ ናት" ተብላ የምትመሰገን ልጅ አለች። ምስጋናው መልካም ነው፤ ግን አንዳንድ ጊዜ የልጅነቷ ዋጋ ሆኖ ይቆጠርባታል። ሒጃብ ለልጅቱ ክብር ነው፤ የጨዋታ ማብቂያ ደወል አይደለም። እስቲ ቦርሳውን ከጉልበቷ ላይ አንሱላት።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ደግሞ የግድ አዲስ አበባ መሄድ የለብንም። በ2015 ዓ.ም. በክልላችን ግጭት ከተነሳ በኋላ ያ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ፣ ስንት ትምህርት ቤት ደጁ እንደተቆለፈ እናንተም ታውቃላችሁ። ልጃችን ትምህርት በተቋረጠባቸው ወራት ከኛው ጋር ቤት ውስጥ አጥንታለች። አሁን 16 ዓመቷ ነው፤ ደብተሯን አልለቀቀችም። ጉዞ ባልተቻለባቸው ዒዶች በጓሯችን ባሕር ዛፍ ላይ ጠንካራ ገመድ አስረን ዥዋዥዌ ሠራን። የሠፈሩ ልጆች፣ የእስላሙም የክርስቲያኑም፣ ዐስር ሲሰገድ ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። ወጪው የገመድ ዋጋ ብቻ ነው። ተራ አስከባሪዋ እማማ ናቸው፤ ሴቶቹን ልጆች ያስቀድማሉ።

አላህ (ሱ.ወ.) ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን፤ መንገዱን ይክፈትልን። ልጆቻችንን ሳይጎድልባቸው አድገው በዲናቸውም በዕውቀታቸውም የሚጠቅሙ ያድርግልን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።